ከውሃ ፓምፕ ሞተር የሚነሣ የውድድር መኪና

ሳይክል ካርት የሚባለው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በአውሮፓ ይነዱ የነበሩትን የውድድር መኪናዎች፣ ለምሳሌ በ1924 የወጣውን ቡጋቲ ታይፕ 35ን፣ በመልክ እየመሰለ ባለቤቱ በገዛ እጁ የሚሠራው ቀላል ባለ አራት ጎማ መኪና ነው። ልማዱ የተጀመረው በካሊፎርኒያ ሲሆን፣ የመኪናው ክብደት ከ113 ኪሎ ግራም ብዙ እንዳይርቅ ይመከራል።

ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ 196 ሲሲ የሆነው የሆንዳ ጂኤክስ 200 ዓይነት ነው፤ ይህም በመቂና በባቱ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ውሃ ከሚስቡት ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች ሞተር ጋር ስለሚቀራረብ ለስምጥ ሸለቆ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደራ ጋሪ የሚበይድ ባለሙያም ቻሲውን፣ ማለትም ሁሉን የሚሸከመውን የብረት አጽም፣ ለመሥራት የሚያስፈልገው ክህሎት በእጁ ነው።

ረቂቁ ሥራ ያለው ኃይሉን ወደ ጎማ በማድረሱ ላይ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ትልልቅ መኪናዎች ልዩነቱን የሚያስተናግድ ዲፈረንሻል የተባለ የጥርሶች ስብስብ ሲኖራቸው፣ የሳይክል ካርት ሠሪዎች ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሲፈጥን በራሱ ከሚይዝ ፍሪሲዮን የተነሣውን ኃይል በሰንሰለት ለአንዱ የኋላ ጎማ ብቻ ሰጥተው ሌላውን በነጻ እንዲዞር ይተዉታል፤ ወጪንም ክብደትንም የሚቀንስ፣ በእውነት የሚደነቅ ብልኃት ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ጎማው ነው። ሳይክል ካርት የሚጠቀምበት ባለ 17 ኢንች የሞተር ሳይክል ጎማ በሁለት ወገን ተይዞ እንዲሽከረከርና በመታጠፊያ ላይ ከሞተር ሳይክሉ ጋር እንዲያዘነብል የተሠራ በመሆኑ፣ በአንድ ወገን ብቻ ሲታሰር በመታጠፊያ ላይ የሚመጣበትን የጎን ግፊት እንዲችል ወፍራም አክስልና ጠንካራ ሽቦዎች ያስፈልጉታል።