የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ (አልበም)

«የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የይፋቱ ተወላጅ ሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ በራሱ ስም ያወጣው የመጀመሪያ ሙሉ አልበም የሚታወቅበት መጠሪያ ነው። ሙዚቃው በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በፊሊፕስ ኢትዮጵያ አማካይነት በሸክላ ታተመ። በዚህ ስም ለዓለም የተዋወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 14ኛ ቅጽ አድርጎ በሲዲ ሲያወጣው ነው። አልበሙ ላይ ዘፋኝ የለም። ዘፋኙ በሚቆምበት ቦታ ላይ የቆመው ቴነር ሳክስፎን ነው፤ የሚያሰማውም በአብዛኛው ሰው በጉሮሮው የሚያወጣቸውን ሽለላን፣ እንጉርጉሮንና የቆዩ የሕዝብ ዜማዎችን ነው።

የይፋት ልጅ

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለደ። ይፋት በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በዛሬው አማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኝ አገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ሲወርድ ብርዱ ይቀርና የይፋት ቆላ ይጀምራል፤ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይም ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በመካከለኛው ዘመን የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው የይፋት ሡልጣኔት ስሙን የሰጠው ለዚህ አገር ነው። ደገኛና ቆለኛ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ አማራና አርጎባ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት፣ በታሪኩም ብዙ ጦር የተመላለሰበት መተላለፊያ ነው። እንዲህ ባለ አገር ሽለላና ፉከራ ከመድረክ በፊት በሠርግ፣ በደቦና በጀግና ለቅሶ ላይ የሚሰማ ነገር ነው።

ጌታቸው መጀመሪያ የለመደው ክራርና መሰንቆ ነበር። ይህን እንደ ተራ የሕይወት ታሪክ ዝርዝር ማለፍ አይገባም፤ ኋላ ሳክስፎኑ ላይ ለሚሰማው ነገር ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ባንድን ተቀላቀለ፤ ክላሪኔትና ሳክስፎን ዋና መሣሪያዎቹ ሆኑ። በ1955 አዲስ ወደተከፈተው ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (ዛሬ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር) ኦርኬስትራ፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። በእነዚህ ትልልቅ ባንዶች ውስጥ የነፋሽ ሥራ ዘፋኙን ማጀብ ነው፦ በስንኝና በስንኝ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት፣ መግቢያና መውጫውን ማሳመር። ሕዝቡ የሚያስታውሰው ዘፋኙን ነው፤ የነፋሹን ስም የሚያውቀው ባንዱና ጥቂት አፍቃሪ ብቻ ነው።

ሽለላ ምንድን ነው?

ሽለላ ጦረኛ ወደ ውጊያ ከመግባቱ በፊት ወይም ከድል ሲመለስ ወኔ ለመቀስቀስ የሚያሰማው ዜማ ነው። ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር አብሮ ይጠራል፤ ድንበሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በጥቅሉ ፉከራ በ«ዘራፍ» ተጀምሮ በፍጥነትና በጩኸት የሚወርድ ንግግር ሲሆን ሽለላና ቀረርቶ በዜማ የሚወጡ ናቸው። ሽላዩ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ጀብዱ፣ የፈረሱን ስምና የመሣሪያውን ዓይነት ይጠራል። ጋሻና ጦር ወይም ጠመንጃ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል፤ አድማጩም ዝም ብሎ አይሰማም።

በሙዚቃ በኩል ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ሽለላ ቋሚ ምት የለውም። ሽላዩ ትንፋሹ እስኪያልቅ አንዱን ድምፅ ይይዛል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ ድንገት ቃላቱን አከታትሎ ያወርዳቸዋል፤ የሚለካው በትንፋሽ እንጂ በጭብጨባ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሽለላ በቃል ላይ የቆመ ነው። ማን ማንን የት ድል እንደነሳ ካልተነገረ የሚፎከርበት ነገር የለም። ስለዚህ ሽለላን ቃል በማያወጣ መሣሪያ መጫወት ሲታሰብ ራሱን የሚቃረን ይመስላል።

ከጉሮሮ ወደ ሳክስፎን

ጌታቸው ይህን የሞከረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳይደርስ ነው። ሽለላን በመሣሪያ ብቻ ተጫውተው ካስቀረጹት ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱም እሱ ነው። መድረክ ላይ ለምድ ደርቦ፣ ከአንበሳ ጎፈር የተሠራ አንፋሮ ራሱ ላይ ደፍቶ ይወጣ ነበር። ይህ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ሽለላ የሚሸልል ሰው ያስፈልገዋል፤ ልብሱ ለተመልካቹ «ነፋሹ አጃቢ አይደለም፣ ሽላዩ ራሱ ነው» ብሎ ይነግረዋል።

ሳክስፎን ለዚህ የተመቸበት ምክንያት አሠራሩ ላይ ነው። ቤልጅየማዊው አዶልፍ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1846 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ይህ መሣሪያ ድምፁን የሚያወጣው አፍ ውስጥ በሚገባ ቀጭን የሸምበቆ ምላስ ንዝረት ነው። ጣቶች ቁልፎቹን በመጫን ድምፁን ይመርጣሉ፤ የመጨረሻውን ልክ የሚወስኑት ግን ከንፈር፣ መንጋጋና ጉሮሮ ናቸው። ፒያኖ ላይ አንድ ቁልፍ ከተመታ በኋላ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ሳክስፎን ላይ መንጋጋን ላላ ጠበቅ በማድረግ አንዱን ድምፅ ማንሸራተት፣ ማንቀጥቀጥና መስበር ይቻላል። መሰንቆም እንዲሁ ነው፦ አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ብቻ አለው፣ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፣ ዜማውም ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ልጅነቱን በመሰንቆ የጀመረ ሰው ሳክስፎንን እንደ ቁልፍ መሣሪያ ብቻ አያየውም።

ልዩነቱን በዓይን ማየት የሚፈልግ ተማሪ ቀላል መንገድ አለው። ከአልበሙ «ሽለላ» የተባለውን ሥራ በማንኛውም ነፃ የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ከፍቶ የድምፁን ሞገድ በድግግሞሽ መጠን (በስፔክትሮግራም) ይመልከት። የፒያኖ ድምፆች እንደ ደረጃ ጠፍጣፋ ሆነው ይታያሉ፤ የሳክስፎኑ መስመር ግን በተያዘው ድምፅ ዙሪያ እንደ እባብ ይጥመለመላል። ሽላይ ድምፁን ቀርጾ በዚያው መንገድ ቢያየው ቅርጹ ከፒያኖው ይልቅ ለሳክስፎኑ ይቀርባል።

ቅኝቶቹም ይህን ዓይነት አጨዋወት ይፈልጋሉ። በአልበሙ ከሚገኙት ሥራዎች «አንቺ ሆዬ» እና «አምባሰል» የሁለት ዋና ዋና ቅኝቶች ስሞችም ናቸው። ሁለቱም አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ሲሆኑ አምባሰል ከዶ ቢጀመር ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል፤ አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆች አንድ ናቸው፤ አራተኛው በግማሽ ዝቅ፣ አምስተኛው በግማሽ ከፍ ሲል ግን ስሜቱ ፈጽሞ ይለወጣል። በዚህ ላይ ባህላዊ ተጫዋቾች ድምፆቹን ልክ በፒያኖ ልኬት አያስቀምጧቸውም፤ ትንሽ ያነሷቸዋል ወይም ይጥሏቸዋል። እንዲህ ያለውን ትንሽ ልዩነት ቃል የሌለው ሳክስፎን ሊናገረው ይችላል። ሽለላው ያለ ቃልም ሽለላ ሆኖ የሚሰማው፣ ኢትዮጵያዊው አድማጭ የትንፋሹን አያያዝ፣ የድምፁን መንቀጥቀጥና አወራረዱን ሲሰማ ቃሉን በራሱ ስለሚሞላው ነው። ይህ የአልበሙ ትልቁ ነገር ይመስለኛል።

ሸክላው

እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሸክላ የማሳተም ፈቃድ በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ በ1969 «አምሃ ሬከርድስ»ን ሲያቋቁም ይህ ሞኖፖል ተሰበረ፤ ፊሊፕስ ኢትዮጵያና የዓሊ አብደላ «ካይፋ» ተከተሉ። ከዚያ እስከ 1978 ባለው ጊዜ ከታተሙት ሸክላዎች አብዛኞቹ በየፊታቸው አንድ አንድ ዘፈን የያዙ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው። ትልቁ ባለ 33 ዙር ሸክላ ብርቅ ነበር፤ በዘመኑ ሁሉ የወጣው 30 ገደማ ብቻ ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ለአንድ ነፋሽ መሰጠቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ሙዚቃ መሣሪያ ለድምፅ አገልጋይ በሆነበት ባህል፣ መሣሪያው ብቻውን የሸክላ ሁለት ፊት ሲሞላ መስማት አዲስ ነበር።

ከላይ ከተጠቀሱት በተጨማሪ በአልበሙ «አካሌ ውቤ»ና «አሃ ገዳዎ»ን የመሳሰሉ ሥራዎች ይገኛሉ። «አካሌ ውቤ» ላይ ከጀርባ ያለው አነስተኛ ባንድ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይሄዳል፤ ሳክስፎኑ እንደ ዘፋኝ ስንኙን ይጥላል፣ ይተወዋል፣ ተመልሶ ይይዘዋል። አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ሰው ከ«ሽለላ» ይልቅ ከዚህ መጀመር ይቀላል።

ከሸክላው በኋላም ጌታቸው ዘፋኞችን ማጀቡን አልተወም፤ ከዓለማየሁ እሸቴ፣ ከሂሩት በቀለና ከአያሌው መስፍን ጋር ተጫውቷል።

«ፍሪ ጃዝ» የሚለው ንጽጽር

የውጭ አገር ጸሐፊዎች ስለዚህ አልበም ሲጽፉ ኦርኔት ኮልማንንና አልበርት አይለርን ማንሳት ይወዳሉ። ምክንያታቸው ይገባል፦ የተሰበረ ምት፣ ሰፊ መንቀጥቀጥ፣ ወደ ጩኸት የሚጠጋ ድምፅ። የዘመን ቅደም ተከተሉም ይገርማቸዋል። የኮልማን የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1958፣ ፍሪ ጃዝ ለተባለው አጨዋወት ስሙን የሰጠው አልበሙ በ1961፣ የአይለር «ስፒሪቹዋል ዩኒቲ» ደግሞ በ1965 ነው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን የጀመረው ከእነዚህ ሁሉ በፊት ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ፍሪ ጃዝ ከአሜሪካ በፊት በአዲስ አበባ ነበር» የሚል አባባል አልፎ አልፎ ይነበባል።

አባባሉ ደስ ቢልም ስቶ ይመራል። ኮልማንና አይለር ይጫወቱት የነበረው ሙዚቃ ሕግ ነበረው፤ እነሱ ሕጉን አውልቀው ጣሉ። ጌታቸው የጣለው ሕግ የለም። ሽለላ ምት የሌለው አንድ ነፋሽ ስላፈረሰበት ሳይሆን ድሮውንም ስላልነበረው ነው፤ ድምፁ ሻካራ የሆነውም ጦረኛ ሲሸልል ድምፁ ስለሚሻክር ነው። እሱ ያመጣው አዲስ ነገር አሮጌውን ሕግ ሳያጎድል ከይፋት ቆላ ወደ ባዕድ መሣሪያ ማሻገሩ ነው፤ ከዚህ አንጻር ሲታይ ከአሜሪካኖቹ ጋር ያለው ዝምድና የውጤት እንጂ የመነሻ አይደለም።

ዳግም መታተሙና የኤሌክትሪክ ጊታሮቹ

በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የወጣው የ2003 ሲዲ አልበሙን ለአዲስ አድማጭ አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው የኔዘርላንድስ ፓንክ ባንድ «ዘ ኤክስ» በ2002 ኢትዮጵያን ዞሮ ተጫውቶ ነበር። በ2004 የ25ኛ ዓመት በዓሉን አምስተርዳም ላይ ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘው። የ69 ዓመቱ ነፋሽ እዚያ የሰማው ባንድ በጥሩ ጃዝ ተጫዋቾች የተሞላ ሳይሆን ሁለት ሻካራ ኤሌክትሪክ ጊታሮች የሚጮኹበት ነበር። አብሯቸው መሥራት የፈለገው እሱ ራሱ ነው።

ውጤቱ በ2006 የወጣው «ሞአ አንበሳ» የተባለው አልበም ነው። ስሙ ከዘውዱ መጠሪያ የተወሰደ ነው። የቴሪ ሄሰልስና የአንዲ ሙር ጊታሮች እንደ ተለመደው የሮክ ጊታር ነጠላ ሶሎ አይወጡም፤ አጭር ሐረግ እየደጋገሙ ይፍቃሉ፣ ይከተክታሉ። ድምፃቸው ከኪቦርድ ይልቅ ለመሰንቆ ፍቅታ የቀረበ ነው፤ ስለዚህም ሳክስፎኑ ከሠላሳ ዓመት በፊት በሸክላው ላይ ከነበረው አጃቢ ይልቅ እዚህ ይበልጥ አገሩ የገባ ይመስላል። የመጀመሪያውን አልበምና «ሞአ አንበሳ»ን ጎን ለጎን ማዳመጥ ይጠቅማል፤ «ሽለላ» በሁለቱም ላይ አለ።

በ2008 ጌታቸውና ዘ ኤክስ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሊንከን ሴንተር ተጫወቱ። «የአንበሳው ትዝታ» የተባለው ሁለተኛው የጋራ አልበማቸው በ2012 ወጣ። ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ አረፈ። ፓሪስ የሚገኝ አንድ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚጫወት የፈረንሳውያን ባንድ ስሙን «አካሌ ውቤ» ብሎታል፤ ስሙን የወሰደው ከዚህ አልበም ነው።