የለንደን የምድር ውስጥ ባቡርና አንድ ነገረ ፈጅ

በለንደን ከተማ ከምድር በታች የሚሽከረከረው ባቡር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው መሐንዲሶቹን ነው። ሐሳቡን አንሥተው ለብዙ ዓመታት የተሟገቱለት ግን የከተማው ምክር ቤት ነገረ ፈጅ የነበሩት ሚስተር ቻርልስ ፒርሰን ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በ1840ዎቹ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። የለንደን ሕዝብ 2 ሚሊዮን ያህል ደርሶ ነበር። ከሌላ አገር የሚመጡት ባቡሮች የከተማውን እምብርት እንዳያፈርሱ ስለ ተፈራ፥ በ1846 የተሰየመው ኮሚሲዮን ከዳር እንዲቆሙ አሳሰበ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ጋሪና በፈረስ የሚጐተት አውቶቡስ ሞልቶት ባለገንዘብ እንኳ በሰዓቱ ለመድረስ ይቸገር ነበር። ድኻው ሠራተኛማ የመሳፈሪያ ዋጋ ስለሌለው ከሥራው አጠገብ በአንዲት ክፍል ከነቤተሰቡ ተፋፍጎ ይኖራል። ሚስተር ፒርሰን የተነሡት ከዚህ ነው፤ ይኸውም ሠራተኛው ንጹሕ አየር ባለበት ስፍራ እያደረ ጧት በርካሽ ዋጋ ተሳፍሮ ይግባ፥ ማታም ይመለስ የሚል ነበር። በ1845 ባሳተሙት ጽሑፍ ባቡሩ በአየር ግፊት ይሂድ ብለው ነበርና የሣቀባቸው አልጠፋም።

በመጨረሻ ምክር ቤቱ 200,000 ፓውንድ እንዲያወጣ አግባቡትና በ1860 ቁፋሮው ተጀመረ። አሠራሩ ዛሬ እንደምናስበው ዋሻ መፈልፈል አልነበረም። ጐዳናው ከላይ ተቈፍሮ ጥልቅ ቦይ ይወጣለታል፤ በግራና በቀኝ የሸክላ ግንብ ይቆማል፤ ቅስት ጣራ ይደፋበትና ጐዳናው ተመልሶ ይነጠፋል። ጐዳና ባልነበረበት ስፍራ የፈረሰው ግን ቤት ነው። በፍሊት ሸለቆ በሺህ የሚቈጠሩ ድኾች ተነሡ፤ ካሳውም ለባለቤቱ እንጂ ለተከራዩ አልደረሰም። ለነሱ የታሰበው ባቡር አስቀድሞ ያፈናቀለው እነሱኑ ነበር። የባቡሩን ታሪክ የሚያወሱ ሰዎች ይህን ቶሎ ያልፉታል፤ እኛ ግን ማለፍ አልወደድንም።

ሚስተር ፒርሰን በሴፕቴምበር 1862 ሞቱ። አራት ወር ሳይሞላ፥ ጃንዋሪ 10 ቀን 1863፥ ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መሥመር ለሕዝብ ተከፈተ። በዚያው ቀን 38,000 ሰው ተሳፈረ። ባቡሩ የሚሄደው በእንፋሎት ስለ ነበር፥ እንፋሎቱን ወደ ውሃ ጋን የሚመልስ መሣሪያ ቢበጅለትም፥ ጢሱ ከዋሻው አልወጣ ብሎ ተሳፋሪውን ያስለው ነበር።

ለዚህ መፍትሔ የተገኘው በ1890 ነው። መሐንዲሱ ግሬትሄድ በብረት ጋሻ እየተከለሉ ከጥልቅ መሬት የሚቈፍሩበትን ዘዴ አሻሽለው፥ ከጣቢያዎቹ በቀር ከላይ ያለው ቤት ሳይነካ በቴምዝ ወንዝ ሥር የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ባቡር ተሠራ። የአሮጌው መሥመር የከተማ ውስጥ ክፍልም በ1905 ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ።

የነገረ ፈጁ ሐሳብ ግን ጢሱ ሳይጠፋ መልክ ይዞ ነበር። በ1864 ማለዳ የሚነሣ የሠራተኞች ባቡር ተመደበ፤ ዋጋው ደርሶ መልስ 3 ፔኒ ነበር። ከፍሊት ሸለቆ የተነሡት ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ እዚያው አቅራቢያ ሌላ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር።