ዱካን ማንበብ

አደን የሚጀምረው ቀስት ሲለጠጥ ወይም ጠመንጃ ሲተኮስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቀስተኛ ፍላጻው እንዳይስትበት ወደ እንስሳው ሠላሳ ወይም አርባ እርምጃ ያህል መቅረብ አለበት። ይህን ያህል ለመቅረብ ደግሞ እንስሳው የት እንደሚሠማራ፣ መቼ ወደ ውሃ እንደሚወርድ፣ በቀትር የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማወቅ ያሻዋል። በዚህም ምክንያት በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ ልምድ ያላቸው ቀስተኞች የአደኑ ወቅት ከመግባቱ ከብዙ ሳምንታት በፊት በየጫካው እየተዘዋወሩ ዱካ ያጠናሉ።

እነርሱ የሚያድኑት እንስሳ በአገራችን አይገኝም። የዚያ እንስሳ ቀንድ ቅርንጫፍ ያለው ሲሆን በየዓመቱ ወልቆ እንደገና ይበቅላል። እኛ አጋዘን፣ ሳላ፣ ድኩላ፣ አምባራይሌ የምንላቸው ግን ቀንዳቸው ቅርንጫፍ የለውም፤ አንድ ጊዜ ከበቀለም በኋላ አይወልቅም። እነዚህንም ቢሆን ማንም እንደፈለገ ሊያድናቸው አይችልም። ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደንን በፈቃድ የሚካሄድ ሥራ አድርጎታል። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ማደን ክልክል ነው።

ታዲያ የአዳኙ ጥበብ ለማን ይጠቅማል? ለፓርክ ጠባቂ፣ እንስሳትን ለሚቆጥር ባለሙያ፣ ተፈጥሮን ለሚያጠና ተማሪ ሁሉ ይጠቅማል። የጥበቡን አካሄድ ለመረዳት ከሰመራ ተነሥታችሁ፣ በሚሌና በገዋኔ በኩል አልፋችሁ፣ በ1958 ዓ.ም. ወደተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እንደምትጓዙ አድርጋችሁ አስቡ። አብሯችሁ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ ነው። ዓላማችሁም በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሳላን ማየት ነው።

በመጀመሪያ ወቅቱን መምረጥ ይገባል። አፋሮች ካርማ የሚሉት ዋናው ዝናብ ሲዘንብ ሣሩ ያድጋል፤ ውሃም በየቦታው ስለሚገኝ እንስሳቱ ይበታተናሉ። በደረቁ ወቅት ግን ሣሩ አጭር ስለሆነ ዓይን ሩቅ ያያል። ከቀኑም ሰዓት ማለዳው ይመረጣል። ሳላ ጧትና ማታ ይግጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ከሚበላው ተክል እርጥበት ስለሚያገኝ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ጊዜ መቆየት ይችላል። ስለዚህ ሳላን የሚፈልግ ሰው ወንዝ ዳር ብቻ ቢጠብቅ ይሳሳታል።

ሁለተኛው ነፋሱን ማወቅ ነው። ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ደቃቅ አፈር በጣቱ ያነሣና ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። አቧራው ወደ እናንተ ከመጣ ነፋሱ ጠረናችሁን ወደ እንስሳቱ አይወስድም፤ ወደ እነርሱ ከሄደ ግን ዞራችሁ በሌላ አቅጣጫ መቅረብ ይኖርባችኋል።

ሦስተኛው ዱካውን መመርመር ነው። የሳላ ሸሆና ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ በአፈር ላይ ጥንድ ምልክት ያትማል። የምልክቱ ጠርዝ ስል ከሆነ ዱካው አዲስ ነው፤ ነፋስ ከሸረሸረውና አቧራ ከሞላው ቆይቷል። በላዩ ላይ የሌሊት ነፍሳት የተመላለሱበት መስመር ከታየ እንስሳው ያለፈው ከንጋት በፊት ነው። በጠጡም እንዲሁ ይመሰክራል፤ እርጥብና ጠቆር ያለው የቅርብ፣ የደረቀና የነጣው የቆየ ነው።

አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ያዩትን በትክክል መመዝገብ ነው። ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ከሰመራ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። በሰርዶ አካባቢ የዱር አህያ ይኖራል። ይህ እንስሳ ዛሬ በዓለም ላይ ከመጥፋት አፋፍ ከደረሱት አንዱ ነው። በዚያው ምድር የአርብቶ አደሩም አህዮች ይሠማራሉ። የሁለቱም ኮቴ ያልተከፈለ ስለሆነ ዱካቸው እጅግ ይመሳሰላል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ያልተከፈለ ኮቴ ዱካ አይቶ «የዱር አህያ እዚህ አልፏል» ብሎ ቢጽፍ ያላየውን ጻፈ ማለት ነው። «ያልተከፈለ ኮቴ ዱካ አየሁ» ቢል ግን እውነቱን ተናገረ። እንስሳውን ራሱን አይቶ፣ በእግሮቹ ላይ ያሉትን ጥቋቁር ሽንትሮች ካረጋገጠ በኋላ ስሙን ሊጽፍ ይችላል።

ይህን ጥንቃቄ አፋሮች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ይኸውም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ሰዉ ደኅንነት እየተጠያየቁ ወሬ መቀባበል ነው። በዳጉ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ እንዲናገር ይጠበቅበታል። በተሳሳተ ወሬ ከብቱን ዝናብ ወደሌለበት የሚነዳ ሰው ሀብቱን ሊያጣ ይችላልና።

በዱር እንስሳትም ላይ የሚደርሰው ከዚህ አይለይም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቆርኬዎች ከሰንቀሌ ወደ አዋሽ ፓርክ ተወስደው ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያ አይገኙም። አንድ የእንስሳት ወገን የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም፤ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ነው። ቆጣሪው የገመተውን እንዳየው አድርጎ ከመዘገበ በወረቀት ላይ ያለው መንጋ ሳይጎድል በሜዳው ያለው ያልቃል። የሚደርስለትም ሰው የሚነቃው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ገላጭ ድርሰት ስትጽፉም የምትከተሉት መንገድ ይኸው ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ያያችሁትን «አየሁ»፣ የሰማችሁትን «ሰማሁ»፣ የገመታችሁትን «ይመስለኛል» በሉ። ሦስቱን ግሦች የማያደባልቅ ጸሐፊ አንባቢው ያምነዋል።

መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱትን ቃላት አውጥታችሁ ጻፉ።
2. «ሸሆና» እና «ኮቴ» የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ በምን እንደሚለያዩ አስረዱ።
3. በማለዳ ከቤታችሁ ወጥታችሁ በአፈር ላይ ያገኛችሁትን አንድ ዱካ መርምሩ። ያያችሁትን በአንድ አንቀጽ፣ የገመታችሁትን በሌላ አንቀጽ ጽፋችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ።