ሎተና አባቷ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ቀኝ እጁን ሲያደክመው፣ እኛ ልጆቹ ተመካክረን የስፌት መኪናውን ጨርቅ አልብሰን ጓዳ አስገባነው። «አባዬ፣ በቃ አሁን እረፍ» አልነው። ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠርነው።

ይህን ውሳኔያችንን እንድጠራጠር ያደረገኝ የአንድ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ታሪክ ነው። ኦቶ ክሌምፐረር የኦርኬስትራ መሪና የሙዚቃ ደራሲ ነበር። በ1885 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በብሬስላው ተወለደ፤ ከተማዋ ዛሬ የፖላንድ ናት። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው የታላቁን የጉስታቭ ማህለርን የድጋፍ ቃል ይዞ ፕራግ ውስጥ ሥራ ያዘ። በ1927 በርሊን የሚገኘውን የክሮል ኦፔራ ተረከበ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ አገሩን ጥሎ ወጣ። ዘፋኟ ባለቤቱ ዮሐና፣ የ13 ዓመቱ ቨርነርና የ9 ዓመቷ ሎተም ተከተሉት። መድረሻቸው ሎስ አንጀለስ ሆነ፤ እዚያ የከተማዋን ኦርኬስትራ መራ።

ቨርነር ኋላ ተዋናይ ሆነ። በአንድ አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ የናዚ መኮንን ሆኖ እንዲሠራ ሲጠየቅ፣ መኮንኑ ሁልጊዜ ተሸናፊ እንዲሆን ቃል አስገብቶ ነው የተቀበለው። ልጅ የአባቱን በደል በሳቅ ሲበቀል ደስ ይላል። የእኔን ልብ የያዘችው ግን ሎተ ናት።

በ1939 አባቷ ለአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጎኑ ደከመ፣ ምላሱም ተሳሰረ። ቀድሞም አንዴ በኀዘን የሚያሰጥም፣ አንዴ እንቅልፍ ነሥቶ የሚያቅበጠብጥ ሕመም ነበረበት። ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። በ1951 ሞንትሪያል አውሮፕላን ማረፊያ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ ወንበር ላይ ተቀምጦ መራ። በ1958 ደግሞ ፒፓውን እያጨሰ አልጋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አልጋው ሲቀጣጠል አጠገቡ ያገኘውን ፈሳሽ ደፋበት፤ ፈሳሹ ካምፎር ያለበት አልኮል ነበር! ክፉኛ ተቃጠለ። በተከታዩ ዓመት ግን የለንደኑ ፊልሃርሞኒያ ኦርኬስትራ የዕድሜ ልክ መሪው አድርጎ ሾመው። የመጨረሻውን ኮንሰርት ሲመራ 86 ዓመቱ ነበር። ስድስት ሲምፎኒዎችንም ደርሷል።

በዚህ ሁሉ መሐል ሎተ አለች። እናቷ በ1956 ከሞተች ወዲህ ጸሐፊው፣ አስታማሚውና የጉዞ ጓደኛው እሷ ነበረች። አባቷ በ1973 እስኪሞት አልተለየችውም። ሻንጣውን ተሸከመችለት፤ ደብዳቤውን ጻፈችለት፤ ሥራውን ግን አልቀማችውም።

የሎተ የራሷ ሕይወትስ? ታሪኩ ሲወራ ይህን የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም። እኔም እናት ባልሆን፣ ደግሞም አባታችንን የምታስታምመው ታናሽ እህቴ ባትሆን፣ አልጠይቅም ነበር። ሁላችን «እግዜር ይስጥሽ» እያልናት ወደየቤታችን እንሄዳለን።

ባለፈው ቅዳሜ መኪናውን ከጓዳ አወጣነው። አባቴ የጎረቤት ሱሪ ለማሳጠር ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ ስፌቱም ትንሽ ተንጋደደ። ክር በመርፌ ያስገባሁለት እኔ ነኝ። እህቴ ቤት አልነበረችም፤ ከጓደኞቿ ጋር ወጥታ ማታ ነው የተመለሰችው።