ሦስት ቦታ ተቀበሉኝ፤ የቱን ልተው?

ባለፈው ሐምሌ አንዲት የገዴራ ልጅ ስልኳን እንደያዘች ቤቴ መጣች። ከእናቷ ጋር ጎረቤታሞች ነን፤ ልጅቷን ጋን ከምትሄድበት ጊዜ ጀምሮ አውቃታለሁ። «አክስቴ፣ ሦስት ቦታ ተቀበሉኝ» አለችኝ። እልል ልል ስል ፊቷን አየሁት፤ ደስታ የለበትም። «ታዲያ ምን ሆንሽ?» ስላት «የቱን ልተው?» አለች።

ሦስቱ ቦታዎች ኢየሩሳሌም ያለው ሻሌም፣ ስዴሮት አጠገብ ያለው ሳፒርና ለቂርያት መላኪ ቅርብ የሆነው አሕቫ ናቸው። ይህ ጥያቄ የእሷ ብቻ አይደለም። ከጋን ያቭኔ፣ ከያቭኔም ከቂርያት መላኪም በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ብዙ ጊዜ ግን የምሰማው ልጆቹ ሚቅዳማውን ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው።

እስክትቀበሉ ድረስ ጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው፦ ባግሩት ስንት? ፕሲኮሜትሪ ስንት? ለምን እኛን መረጥክ? የመቀበያው ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ ግን ተራው የእናንተ ነው። የእኛ ልጆች እዚህ ላይ ያፍራሉ። «ተቀበሉኝ እኮ፣ ደግሞ ምን ልጠይቅ?» ይላሉ። ጠይቁ። የሚከፈለው ገንዘብም የሚያልፈው ዓመትም የእናንተ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን እንለየው። እስራኤል ውስጥ አብዛኛው ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙያውን መርጦ ይገባል፤ ሕግ ከሆነ ሕግ፣ ነርስነት ከሆነ ነርስነት። ሊበራል አርትስ የሚባለው ሌላ መንገድ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ፍልስፍና፣ ታሪክ፣ ታናኽ፣ ሥነ ጽሑፍና ትንሽ ሳይንስም ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል ያነባል፣ ይከራከራል፣ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ትምህርት ይጠብባል። ሻሌም በ2013 የመጀመሪያው የእስራኤል ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ። ክፍሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ለተማሪዎቹ በሚሰጠው ሰፊ ሚልጋም ይታወቃል። በሌሎች ኮሌጆች ለዚህ የሚቀርበው ራቭ ትሑሚ የሚባለው ዲግሪ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ዘርፍ አንድ ላይ ይይዛል።

እናቷ ይህን ስትሰማ «ፍልስፍና ተምራ ምን ልትሠራ ነው?» አለች። ልጅቷ ዓይኗን ወደ ላይ አነሳች። እኔ ግን ከእናቷ ጋር ነኝ፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ነርስ ወይም ሶሻል ዎርከር ስትጨርስ የሙያ ፈቃድ የምትጠይቅበት ዲግሪ በእጇ አለ። ሰፊው ዲግሪ ይህን አይሰጥም። ብዙ ጊዜ በሩ የሚከፈተው በሁለተኛው ዲግሪ ነው። ስለዚህ የእናቲቱን ጥያቄ ወደ ኮሌጁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ግን እንዲህ አድርጋችሁ ጠይቁት፦ «በዚህ ዲግሪ የትኛው ሁለተኛ ዲግሪ ይቀበለኛል? ስንት ሀሽላማ ይጠይቀኛል?»

ይቺን ሀሽላማ የምትባል ቃል ልብ በሉ። የሦስት ዓመት ዲግሪ ብዙውን ጊዜ 120 ነጥብ ነው። ራቭ ትሑሚ ላይ ይህ ነጥብ በየዘርፉ ይከፋፈላል። አንዱ ልጅ ከሥነ ልቦና ትንሽ፣ ከትምህርት ትንሽ፣ ከአስተዳደር ትንሽ ወስዶ ይጨርሳል፤ ከዚያ በሥነ ልቦና ልቀጥል ሲል የጎደሉትን ኮርሶች አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ እንዲሞላ ይነገረዋል። ዲግሪው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የት እንደሚያደርሰው መጀመሪያ አልጠየቀም። መሄድ የምትፈልጉበትን ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ መስፈርት አሁኑኑ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት አንብቡ።

ስለ ስም ብዙ አልልም። ፕኒና ታማኖ ሻታ ሕግ የተማረችው ኦኖ ኮሌጅ ነው፤ በ2020 በኢትዮጵያ ከተወለዱት የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆነች። የኮሌጁ ዲግሪ በማላግ የታወቀ መሆኑን ግን አረጋግጡ፤ ይህ ቀልድ የለውም።

ገንዘቡ ላይ ልጆች ቸኩለው ይሳሳታሉ። መንግሥት በሚደጉመው ኮሌጅ የዓመቱ ክፍያ ከ10 ሺህ ሸቅል በላይ ነው፤ የግል ኮሌጅ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ሚንሃል ሀስቱደንቲም ለኢትዮጵያ ቤተሰብ ልጆች፣ እዚህ ለተወለዱትም፣ ድጋፍ የሚሰጥበት መንገድ አለ፤ ቅድመ ሁኔታውን ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ከሠራዊት የወጣችሁ ፒካዶን አላችሁ። ፔራሕ ደግሞ አንድ ልጅ እያስጠናችሁ ከክፍያው የተወሰነውን ይሸፍናል። ነገር ግን ትምህርቱ በነፃ ቢሆንም የኢየሩሳሌም የቤት ኪራይ በነፃ አይደለም። ከቤት እየተመላለስኩ እማራለሁ የሚል ደግሞ ሰዓቱን ይቁጠር። በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ 12 ሰዓት ነው። አንድ የሥራ ቀን ተኩል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ማንበብም መሥራትም አይቻልም።

ኮሌጁን ማየት ከፈለጋችሁ በዮም ፓቱዋሕ ብቻ አትሂዱ፤ ያን ቀን ሁሉም ይስቃል፣ ቡናም አለ። በተራ ቀን ሂዱና ካፍቴሪያው ውስጥ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉ። «ስንት ሆናችሁ ጀመራችሁ? አሁን ስንት ናችሁ? ፈተና ስትወድቅ ማን ረዳህ?» በሉት። እኔ ስማር ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን ዓመት መምህሩ ስሜን ሳያውቅ ጨረስኩ፤ ለማቆም አንድ ሳምንት ቀርቶኝ ነበር።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ሁለት ሰዓት ያህል ስለ ነጥብና ስለ ሚልጋ ካወራን በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ ከሄድኩ ደብዳቤውን ማን ያነባል?» አለች። ለካ ዋናው ነገር ይህ ነበር። ከቢቱዋሕ ለኡሚ የሚመጣውን፣ ከባንክ፣ ከኩፓት ሆሊም የሚመጣውን ሁሉ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የምታነብላቸው እሷ ናት። ለአባቷ ሐኪም ቤት የምታስተረጉመውም እሷ ናት። ይህ በየትኛውም የኮሌጅ መመሪያ ላይ አልተጻፈም፤ ስንቱን ልጅ ግን ከቤቱ አጠገብ ያለውን እንዲመርጥ አድርጎታል። ቅርብ መምረጥ ነውር የለውም፤ አሕቫ ለእሷ ቤት ቅርብ ነው፣ መነሻውም መምህራን ማሠልጠኛ ስለሆነ ማስተማር ለሚወድ ጥሩ ነው። የእሷ ፍላጎት ግን ማስተማር አይደለም።

እናቷን ጠራናትና በግልጽ ነገርናት። እናትዮዋ ትንሽ ዝም አለችና «አንቺን ለደብዳቤ ነው እንዴ የወለድኩሽ?» አለች፤ ከዚያ ሁለታችንም እስክንደነግጥ ሳቀች። በማግስቱ ልጅቷ ሳፒርና አሕቫ ደውላ ቦታዋን ለቀቀች፤ ለሌላ ልጅ ይሆናል። የኢየሩሳሌሙን ሚቅዳማ ከፈለች።

አሁን ደብዳቤውን የሚያነበው የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድሟ ነው። ያልገባውን ፎቶ አንስቶ ይልክላታል፤ እሷም በዕረፍት ሰዓቷ ትመልስለታለች።