ቆሻሻችን ወዴት ይሄዳል?

በጉባኤ ማግስት የቤተ ክርስቲያናችሁን ግቢ ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተጠረገ ቅጠል፣ የውሃ ፕላስቲክና ፌስታል በአንድ ክምር ይደባለቃል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ መደባለቅ ላይ ነው።

መዘዙ ቀላል አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚጣለው የመለየት ኃላፊነት ለእያንዳንዱ አባወራና እማወራ ሰጥቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። አዋጅ ቢወጣም መለየቱ የሚጀመረው ከጓዳ ነው።

የከተሞቻችን የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው፤ ይህም ኮምፖስት ይሆናል። ለዚህ ትግራይ ራሷ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር በአክሱም አካባቢ እንደ አዲ ነፋስ ባሉ መንደሮች ሥራውን ጀመሩ። ኮምፖስት ያገኘው ማሳ፣ ምንም ካልተደረገበት ማሳ ጋር ሲነጻጸር በአብዛኛው እጥፍ ያህል እህል ሰጠ። የማዳበሪያ ዋጋ ገበሬውን ባስጨነቀበት በዚህ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኔም እዚሁ እንዳ ኢየሱስ ሞክሬው መጀመሪያ አልተሳካልኝም። ውሃ አብዝቼ ሳላገላብጥ ተውኩት፤ ሸተተ፣ ጎረቤትም አዘነብኝ። ለካስ ክምሩ አየር ያስፈልገዋል!

እናንተ እንዲህ አድርጉ፦

1. ከታች ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል አንጥፉ።
2. በላዩ ልጣጭና እርጥብ ቅጠል፣ ከዚያ ፍግና ጥቂት አፈር ጨምሩ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ደራርቡ።
3. ሥጋ፣ ዘይትና ፕላስቲክ አታስገቡ።
4. እንጨት ሰክታችሁ ከጥቂት ቀን በኋላ ንቀሉት። ሞቅ ብሎ ረጠብ ካለ ደህና ነው። ከደረቀ ውሃ ጨምሩ፤ ከሸተተ አገላብጣችሁ ደረቅ ነገር ቀላቅሉበት።
5. በየሦስት ሳምንቱ አገላብጡ። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ጥቁር፣ የአፈር ሽታ ያለው ማዳበሪያ ይሆናል።

የተረፈውን ፕላስቲክና ብረት ለቆራሌው ስጡ።

ወገኖች፣ ጌታችን አምስት ሺህ ሰው ከመገበ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ እንዳይባክን አሰብስቧል (ዮሐ. 6፥12)። የሚቀጥለው ጉባኤያችሁ ሲያበቃ ሁለት በርሜል አዘጋጁ፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ ሌላው ለማይበሰብሰው።