ድምፁ የጠፋ የኤሌክትሪክ መኪና፤ ጉድለቱ እንዴት ይፈለጋል?



መንገድ ስናቋርጥ ግራና ቀኝ ማየት እንዳለብን ሁላችንም ተምረናል። ይሁን እንጂ መኪና መምጣቱን ብዙ ጊዜ የምናውቀው ከማየታችን በፊት በጆሯችን ነው። ልጅ ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ፣ እናት ጀሪካን ተሸክማ ዞር ብላ ማየት ሲያቅታት፣ ዓይነ ስውር ተማሪ በበትሩ እየተመራ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ «ቁም!» የሚላቸው የሞተሩ ድምፅ ነው። ዛሬ ግን ይህ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች በየአገሩ እየበዙ ሄደዋል። በዚህ እትም መኪናዎቹ ለምን ዝም እንደሚሉ፣ ምን ዓይነት የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንደተሠራላቸውና ድምፁ ሲጠፋ ጉድለቱ እንዴት እንደሚፈለግ እንገልጽላችኋለን።

«እኛ መኪና የለንም፤ ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ከእኛ የራቀ አይደለም። በኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ካስታወቀ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና የተለመደ ሆኗል። በናይሮቢና በኪጋሊ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሞተር ብስክሌቶች ሰው ያመላልሳሉ። ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ቤተሰቦችም በየመንገዱ ያገኟቸዋል። ከዚህም ሌላ የመኪና ጥገና ለሚማሩ ወጣቶቻችን ጉዳዩ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ለምን ድምፅ የለውም?

በቤንዚንና በናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጅ በየሲሊንደሩ እየተቃጠለ ይፈነዳል። የምንሰማው የዚያን ፍንዳታና የጭስ ማውጫውን ድምፅ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ ግን የሚቃጠል ነገር የለም፤ የሚያሽከረክረው የማግኔት ኃይል ነው። ስለዚህ መኪናው በዝግታ ሲሄድ ወይም ወደ ኋላ ሲመለስ እምብዛም አይሰማም። ፍጥነቱ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያልፍ ጎማው ከመንገዱ ጋር ሲፋተግ የሚያወጣው ድምፅ ስለሚበዛ መኪናው ይሰማል። ልብ በሉ፤ አደገኛው ጊዜ መኪናው በዝግታ የሚሄድበት፣ ማለትም በገበያ፣ በትምህርት ቤት በርና በመኪና ማቆሚያ ቦታ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዲሆን በመኪናው ላይ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ እንዲገጠም ተደርጓል። የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 138 የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ ውሏል። በደንቡ መሠረት መሣሪያው መኪናው ከተነሣ ጀምሮ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ፣ እንዲሁም ወደ ኋላ ሲሄድ መሰማት አለበት። ከመኪናው መካከለኛ መስመር 2 ሜትር ርቆ ሲለካ ድምፁ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢያንስ 50 ዴሲቤል፣ በ20 ኪሎ ሜትር ቢያንስ 56 ዴሲቤል፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ቢያንስ 47 ዴሲቤል መሆን ይገባዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁ እየቀጠነ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ እየወፈረ ይሄዳል። በዚህም ዓይነ ስውር ሰው መኪናው እየፈጠነ ወይም እየቀዘቀዘ መሆኑን መለየት ይችላል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህ መሣሪያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለአዳዲስ የመኪና ዓይነቶች፣ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ደግሞ ለሚሸጡ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሁሉ ግዴታ ሆኗል። በአሜሪካ ድምፁ እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ ይቀጥላል፤ መኪናው በርቶ ለመሄድ ተዘጋጅቶ ቢቆምም መሰማት አለበት። ከእነዚህ ዓመታት በፊት የተሠሩ ብዙ መኪናዎች ግን መሣሪያው የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ የቀረበው ኒሳን ሊፍ ድምፁ ነበረው፤ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች አሽከርካሪው ድምፁን የሚያጠፋበት ቁልፍ ተደርጎላቸው ነበር።

ጉድለቱን ደረጃ በደረጃ መፈለግ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ አንድም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት የሚከተለውን ቅደም ተከተል ጠብቁ።

አንደኛ፦ የጠፋው የትኛው ድምፅ ነው? በመኪና ላይ ሦስት ዓይነት ድምፆች አሉ። አንዱ ለእግረኛ የተሠራው የውጭ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ቀበቶ ሳይታሰር ወይም በር ሳይዘጋ ሲቀር በውስጥ የሚጮኸው ነው፤ የፍሬቻውም «ጠቅ ጠቅ» ከዚህ ይቆጠራል። ሦስተኛው ክላክስ ነው። የውስጡ ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ከጠፋና ራዲዮኑም ዝም ካለ፣ ጉድለቱ ያለው በውስጠኛው የድምፅ ክፍል ነው። መኪናውን አጥፍታችሁና ቆልፋችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ እንደገና ሲበራ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ራሱን ያስተካክላል። የጠፋው የውጩ ድምፅ ብቻ ከሆነ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

ሁለተኛ፦ መሣሪያው በመኪናው ላይ አለን? መኪናው በየትኛው ዓመትና ለየትኛው አገር እንደተሠራ ጠይቁ፤ የመኪናውንም መመሪያ መጽሐፍ ተመልከቱ። ያልተገጠመን መሣሪያ ተበላሸ ብሎ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ በትክክለኛው ጊዜ አዳምጡ። ጸጥ ያለ ሜዳ ፈልጉ። አንድ ሰው ከመኪናው ጎን ራቅ ብሎ ይቁም፤ ከፊቱ ወይም ከኋላው ግን አይቁም። አሽከርካሪው መጀመሪያ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ፊት፣ ቀጥሎም በዝግታ ወደ ኋላ ይንዳ። በውስጥ ያለ ሰው መስኮት ተዘግቶ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ ድምፁን ላይሰማው ይችላል። ብዙ መኪና ቆሞ ሳለ ዝም ቢል ጉድለት አይደለም፤ ከ20 ወይም ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ ማቆሙም ጉድለት አይደለም።

አራተኛ፦ ማጥፊያ ቁልፉን እዩ። በአንዳንድ መኪናዎች ድምፁ በክሩስኮቱ ላይ ባለ ቁልፍ፣ በሌሎች ደግሞ በስክሪኑ ላይ ይጠፋል። የቀድሞው ባለቤት አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። በክሩስኮቱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ወይም ጽሑፍ ካለ መዝግቡት።

አምስተኛ፦ ትንሹን ባትሪ ለኩ። የኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ባትሪ አለው። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያለው ትልቁ ባትሪ መኪናውን ያንቀሳቅሳል። መብራቱን፣ ክላክሱን፣ ኮምፒውተሩንና የድምፅ መሣሪያውን የሚያሠራው ግን ባለ 12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ነው። እርሱ ሲደክም የማይገናኙ የሚመስሉ ብዙ ጉድለቶች በአንድ ጊዜ ይታያሉ።

ስድስተኛ፦ ፊውዙን ፈትሹ። መኪናውን አጥፉና በመመሪያው የተመለከተውን ፊውዝ አውጥታችሁ ክሩ መቃጠሉን እዩ። የምትተኩት ፊውዝ አምፔሩ እኩል መሆን አለበት። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት ማስገባት እሳት ያስነሣል። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ፣ አንድ ቦታ ሽቦ ከሽቦ ወይም ከብረት ተነካክቷል ማለት ነው።

ሰባተኛ፦ ድምፅ ማጉያውንና መሰኪያውን ተመልከቱ። ማጉያው ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ፓራውልት በስተ ኋላ ዝቅ ብሎ የተገጠመ ስለሆነ አቧራ፣ ጭቃና ውኃ ያገኘዋል። ድምፁ ካነሰ ወይም ከሻከረ ማጉያው መደፈኑን ወይም መቀደዱን ጠርጥሩ፤ ጭቃውን በለስላሳ ብሩሽ አንሡለት እንጂ ኃይለኛ የውኃ ቱቦ አታድርጉበት። ድምፁ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ መሰኪያው መውለቁን ወይም መዛጉን እዩ። መኪናው ተጋጭቶ ፓራውልቱ ተቀይሮ ከሆነ፣ መሰኪያው ሳይሰካ ተረስቶ ሊሆን ይችላል።

ስምንተኛ፦ ይህ ሁሉ ካልረዳ፣ በኮምፒውተር ጉድለት ወደሚያነብ ባለሙያ ውሰዱት። አንዳንድ ጊዜ ጉድለቱ ከሽቦው ሳይሆን ከፕሮግራሙ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በአሜሪካ ከ578 ሺህ በላይ የቴስላ መኪናዎች እንዲስተካከሉ ተወስኗል። ምክንያቱም በውጭው ማጉያ ሙዚቃና ሌላ ድምፅ ማሰማት የሚያስችል ፕሮግራም ለእግረኛ የተሠራውን ድምፅ ሊሸፍነው ይችል ነበር። የተስተካከለውም መፍቻ ሳይነሣ፣ አዲስ ፕሮግራም በመላክ ነው።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ሽቦ ትልቁ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያልፍበት ነው፤ ሊገድል ይችላል። ያልሠለጠነ ሰው አይንካው፣ አይፍታው።

እስኪጠገን ድረስ ምን ይደረግ?

አሽከርካሪው ሰው በሚበዛበት ቦታ በእግር ርምጃ ያህል ይሂድ፤ ወደ ኋላ ከመመለሱ በፊት ወርዶ ይመልከት፤ ካስፈለገ ክላክሱን በአጭሩ ይንካ።

እናንተ ልጆች ደግሞ ዝም ያለ መኪና ሁሉ የጠፋ መኪና እንዳልሆነ አስታውሱ። ሰው ከመሪው ኋላ ከተቀመጠ፣ ወይም የኋላው ነጭ መብራት ከበራ፣ መኪናው አሁኑኑ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ከቆመ መኪና ኋላ አትጫወቱ። ጆሯችሁን በማዳመጫ ደፍናችሁ መንገድ አታቋርጡ። ቁጥር 138 የተባለው ደንብ ለመኪና፣ ለአውቶቡስና ለጭነት መኪና የወጣ ስለሆነ ሞተር ብስክሌትን አይመለከትም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ምንም ሳይሰማ ሊደርስባችሁ ይችላል። ዓይነ ስውር ጓደኛ ያላችሁ በመንገድ ላይ አብራችሁት ሂዱ፤ ዝም ያለ መኪና ስታዩም በቃል ንገሩት።

ወላጆች ሆይ፣ «ካልሰማህ ተሻገር» የሚለው የድሮ ልማድ ዛሬ አይበቃም። ልጆቻችሁን «አይተህ ተሻገር» በሏቸው።

ለክፍል ውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የኤሌክትሪክ መኪና ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲፈጥን ለምን ይሰማል?
2. የድምፁ መቅጠንና መወፈር ለዓይነ ስውር ሰው ምን ይጠቅመዋል?
3. የውጩ ድምፅ ጠፍቶ ክላክሱና የውስጡ ድምፅ ቢሠሩ፣ መጀመሪያ ምን ትመለከታላችሁ?
4. ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ባለው መንገድ ድምፅ የሌለው ተሽከርካሪ የሚያሠጋበት ቦታ የትኛው ነው? ሥዕሉን ሥሩና ለክፍሉ አሳዩ።